ከመስኮቱ ጀርባ

የቻርሊ ቻፕሊንን «ሞደርን ታይምስ» ያየ ሁሉ የሚያስታውሰው ያንን ጥርሳም ማሽን ነው፤ ምስኪኑ ብሎን ሲያጠብቅ ሲያጠብቅ ይቆይና ማሽኑ ዋጥ ያደርገዋል። እኔን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። ሠራተኛው ሲጋራ ሊያጨስ መታጠቢያ ቤት ጎራ ሲል የአለቃው ፊት ግድግዳው ላይ ብቅ ይልና ወደ ሥራው እንዲመለስ ያንባርቅበታል። ልብ በሉ፣ ይሄ 1936 (እ.ኤ.አ.) ነው! ፊልሙ ድምፅ አልባ ሊባል ምንም አይቀረው፤ የአለቃው ድምፅ ግን ይሰማል። አለቃውስ ቢሮው ቁጭ ብሎ ምን ይሠራል? የተቆራረጠ ሥዕል ይገጣጥማል።

ቻፕሊን ያላሰበው፣ ሠራተኛው ራሱ መስኮቱ ፊት እንደሚጎለት ነው። ምዕራብ አውስትራሊያ ውስጥ ፒልባራ በሚባል አካባቢ፣ በሪዮ ቲንቶ የብረት ማዕድን ማውጫዎች ግዙፍ መኪኖች ያለ ሾፌር ይመላለሳሉ። ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ባቡሩም እንደዚያው። ተቆጣጣሪዎቹ 1,500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው፣ ፐርዝ ከተማ፣ ስክሪን ላይ አፍጥጠው ይውላሉ። አቧራ የለ፣ ሐሩር የለ፤ ከሥራ ሲወጡ ቀጥታ ወደ ቤት። ይሄን የሚነቅፍ ካለ መቼም አንድ ቀን ማዕድን ማውጫ ውሎ ይምጣና እናውራ።

ችግሩ ወዲህ ነው። መኪናው የት እንደቆመ የሚመዘግብ መሣሪያ፣ ሰውየው ስንት ደቂቃ እንደዘገየም መመዝገብ አያቅተውም። ቻርሊ ቢያንስ ማን እንደሚያየው ያውቅ ነበር፤ ፊቱ ግድግዳው ላይ ነበራ! የዛሬው ሠራተኛ «ትንሽ ፋታ ስጡኝ» ብሎ የሚሟገተው ከማን ጋር ነው? ከሠንጠረዥ ጋር?