ሲዲን የሚያነበው ሌዘሩ ብቻ ነው?

«ሲዲ በሌዘር ይነበባል» ያሏችሁ አልዋሹም። ግን ከባዱን ግማሽ ዘለውታል። ሌዘር ያበራል እንጂ መንገዱን አያውቅም። ታዲያ መንገዱን የሚያስይዘው ምንድን ነው?

እስቲ ቁጥሩን እንይ። የሲዲ መረጃ ከመሃል ወደ ዳር በሚጠመዘዝ አንድ መስመር ላይ ነው የተጻፈው። በሁለት ተከታታይ ዙሮች መካከል ያለው ርቀት 1.6 ማይክሮ ሜትር ብቻ ነው፤ በ1 ሚሊ ሜትር ውስጥ ከ600 በላይ ዙር ይገባል ማለት ነው። አሁን የዲስኩ ቀዳዳ ከትክክለኛው መሃል በ50 ማይክሮ ሜትር ዝንፍ አለ እንበል፤ ከአንድ ፀጉር ውፍረት አይበልጥም። ሌንሱ ዝም ብሎ ቢቆም ዲስኩ አንዴ ሲዞር ከ60 በላይ ዙሮች ከፊቱ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛሉ።

መሐንዲሶቹ ሥራውን ለሁለት ከፈሉት። ትንሽ ሞተር መላውን ማንበቢያ በሐዲድ ላይ ይገፋል፤ ይሄ ሻካራው ሥራ ነው። ረቂቁን ሌንሱ ራሱ ይሠራዋል። በቀጫጭን ሽቦዎች ተንጠልጥሎ፣ ልክ እንደ ስፒከር በማግኔትና በጥምጥም ሽቦ ይንቀሳቀሳል። ከዲስኩ የሚመለሰው ብርሃን «ወደ ቀኝ ሸርተት ብለሃል» ይለዋል፣ እሱም ወዲያው ይታረማል። የመንቀሳቀሻው ጫፍ ላይ ሲደርስ ሞተሩ ያግዘዋል።

የንድፉ ውበት እዚህ ላይ ነው። ዲስኩም ሐዲዱም ፍጹም እንዲሆኑ አይጠይቅም፤ ስህተቱን እያየ ያርማል። ለዚህም ነው ርካሽ ፕላስቲክ ጥርስ ይዞ እንኳ የሚሠራው።

እንከኑስ? ሩቅ ቦታ ዝለል ሲባል ይንቀራፈፋል። ከባዱን ስብስብ መጎተት፣ የዲስኩንም ፍጥነት መቀየር አለበት። ሃርድ ዲስክ በ10 ሚሊ ሰከንድ ገደማ የሚጨርሰውን እሱ 100 ገደማ ይፈጅበታል። ለዘፈን ምንም አይደል፤ ለኮምፒውተር ግን ብዙ ነው። ፊሊፕስ በመጀመሪያዎቹ ማጫወቻዎቹ ሌንሱን በሚዞር ክንድ ጫፍ ላይ አድርጎት ነበር፤ የሚያልቅ ጥርስ አልነበረውም። ለእኔ ይሄኛው ይበልጥ ያምራል። በኋላ ግን ራሱ ፊሊፕስም ወደ ሐዲዱ ዞሯል።

ይህን ማወቅ ምን ይጠቅማል? ማጫወቻ ሲዘል «ሌዘሩ ሞቷል» ተብሎ ይጣላል። ጥፋተኛው ግን አቧራ የያዘ ሌንስ ወይም ቅባቱ የደረቀ ሐዲድ ሊሆን ይችላል። እናንተ ከመጣላችሁ በፊት ከኤሌክትሪክ ንቀሉትና ሐዲዱን እዩት። ፍርዱ ከዚያ በኋላ ይሁን።