የወርቂቱ ልጅ

በልቦለድ ጨካኝ ሰው የሚቀርጽ ደራሲ ቶሎ የሚሮጠው ወደ ሰውዬው ልጅነት ነው። አባት ይገርፋል፣ እናት ትሞታለች፣ ወንድም ዓይኑ እያየ ይታረዳል፤ ከዚያ ወዲያ የሚፈሰው ደም ሁሉ በዚያ ሒሳብ ይወራረዳል። እንዲህ ያለ ድርሰት ሳነብ ደራሲው ለገጸ ባሕርዩ ጥብቅና የቆመ ይመስለኛል።

ደሴ ተቀምጠን ለምንጽፍ ሰዎች የተሻለ መማሪያ ቅርባችን አለ፤ መቅደላ። ብርሃኑ ዘሪሁን በ«የቴዎድሮስ ዕንባ»፣ አቤ ጉበኛ በ«አንድ ለናቱ» ዐፄ ቴዎድሮስን ጽፈውታል፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ወደ መድረክ አውጥቶታል። በነዚህ ሥራዎች ጎልቶ የሚታየው ጀግናው ነው። ወሎ ላይ ግን ወሬው እስረኞች ከተወረወሩበት ገደል ይጀምራል።

የካሳ፣ የኋላው ቴዎድሮስ፣ ልጅነት ለደራሲ የተሰናዳ ነው። አባቱን ገና በልጅነቱ አጣ። እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ኮሶ ሸጣ አሳደገችው ተባለ። ለትምህርት የገባበት ገዳም ሲወረር አብረውት የሚማሩ ልጆች አለቁ፤ እሱ አመለጠ። እኔን ከዚህ ሁሉ የሚስበኝ ኮሶው ነው። ደጃዝማች ወንድይራድ የኮሶ ሻጭ ልጅ እያለ ፎክሮበት ዘመተ፤ ተሸንፎ ሲማረክ ካሳ ኮሶ አስጠጣው ይባላል። ተራኪው ስለ ቁስሉ አንድ ቃል አይተነፍስም፤ ኮሶው ይበቃል። ደግሞም ያስቃል። ጨካኝ ገጸ ባሕርይ አንዳንዴ ካላሳቀ አያስፈራም ባይ ነኝ።

ቁስል ብቻውን ግን ጨካኝ አያወጣም። ምኒልክ አባቱን በልጅነቱ አጥቶ፣ ተማርኮ፣ ዐሥር ዓመት ገደማ በቴዎድሮስ እጅ አድጓል። የቴዎድሮስ ልጅ ልዑል አለማየሁ በሰባት ዓመቱ አባትም እናትም አጥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ እንግሊዝ አገር በ18 ዓመቱ ሞተ። ሁለቱም እንደ ቴዎድሮስ አልሆኑም። ስለዚህ ደራሲ መጠየቅ ያለበት ሰውዬው ምን ደረሰበት ብቻ ሳይሆን ከዚያ በኋላ ምን መስማት አቆመ የሚለውን ነው።

በ1857 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ምኒልክ ሚስቱን፣ የቴዎድሮስን ልጅ አልጣሽን፣ ትቶ ከመቅደላ ጠፋ። የወሎዋ ገዢ ወርቂቱ ተቀበለችው። የእሷ ልጅ አምባው ላይ ታስሮ ነበር። ቴዎድሮስ ምኒልክ ወርቂቱ ሰፈር መግባቱን በመነጽር አየ ይባላል፤ ከዚያ የወርቂቱን ልጅ ከሌሎች የወሎ መኳንንት ጋር አስገደለ። በዚህ ትዕይንት ቴዎድሮስን ልብ የሌለው ሰው አድርጎ የሚጽፈው ደራሲ ይስታል። ቴዎድሮስ ምኒልክን ይወደው ነበር፤ የከዳው ልጅ ነው ያንገበገበው። የራሱ ሕመም ሞልቶት ወርቂቱ እናት መሆኗ የሚገባበት ቦታ አጣ። ጭካኔ ስንል የምናስበው የቀዘቀዘ ሰው ነው፤ ይኸኛው ግን ግሎ ነው የሚገድለው።

የ1860 ዓ.ም. ጸሎተ ሐሙስ ደግሞ አለ። እንግሊዞች ሊደርሱ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ መቅደላ አጠገብ ባለው እስላምጌ ላይ እስረኞች እንጀራና ውሃ ስጡን ብለው ጮኹ። ቴዎድሮስ ሰይፉን መዞ ወጣ፤ ብዙዎቹ እየተቆረጡ ገደል ተወረወሩ። ሌሊቱን ፈጣሪውን ይቅርታ ሲለምን ተሰማ ይላሉ በስፍራው የነበሩ አውሮፓውያን። ጸሎቱን ጽፎ እንጀራውን የሚተው ደራሲ ጠበቃ ይሆናል፤ እንጀራውን ጽፎ ጸሎቱን የሚተው ደግሞ አውሬ ይሠራል።

እኔ በልቦለዴ የምጽፈው ጨካኝ ይህን ያህል ግርማ የለውም። የኮምቦልቻ እህል ነጋዴ ነው። በ1966ቱ ረሃብ ገበሬው ወደ አውራ ጎዳናው ሲወርድ ጎተራውን ቆልፎ ዋጋ ይጠብቃል። በልጅነቱ ተርቧል፤ ግን ማንም ይህን ለአንባቢ አይነግረውም። ጋሻ ጃግሬው ሲበላ ቆሞ ሳህኑን ያያል፣ ከገበታው ፍርፋሪ ለቅሞ ይውጣል። ልጅ ታቅፋ በሩ ላይ የቆመችውን ሴት «እሜቴ፣ ነገ ይመለሱ» ይላታል፣ በአንቱታ፣ ድምፁን ሳያነሳ። ወዲያው ዞሮ ስለ ጆንያ ቀዳዳ ያወራል። ከጎራዴ ይልቅ ይህች ትሕትና ታስፈራኛለች።

የጎተራውን ምዕራፍ የምጽፈው ከሴትዮዋ ወገን ቆሜ ነው። ነጋዴው የተራበ ልጅ እንደነበር እሷ አታውቅም፤ ብታውቅስ ምን ታደርገዋለች?