የፔይራን ሰዎች ድምፅ
በአንድ የገጠር መንደር ጥናት ላይ የቀረበ ሂስ

የአንድን ትንሽ የገጠር ከተማ የፖለቲካ ዝንባሌ ለማወቅ የምርጫውን ውጤት መቍጠር ይበቃልን? ይህን ጥያቄ እንድናነሣ ከሚያስገድዱን ጥናቶች አንዱ አሜሪካዊው ሎረንስ ዋይሊ በ1957 ያሳተመው «በቮክሉዝ ያለች መንደር» የተባለው መጽሐፍ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ዋይሊ በ1950 እና በ1951 ከቤተ ሰቡ ጋር በደቡብ ፈረንሳይ ሩሲዮን በምትባል መንደር ተቀምጦ የሕዝቡን ኑሮ መረመረ፤ ማንነቷንም ለመሰወር ሲል «ፔይራን» ብሎ ሰየማት። መጽሐፉ የሚመሰገን ነው። የምንተቸውም ስለ ናቅነው አይደለም፤ ገጠርን ለማጥናት የሚነሣ ተማሪ እንደ አርኣያ ሊከተለው ስለሚችል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1951 በተደረገው የፈረንሳይ ምርጫ የኮሙኒስት ፓርቲ በአገሩ ሁሉ ከተሰጠው ድምፅ ሩብ ያህሉን አግኝቶ ከፓርቲዎች ሁሉ ቀደመ። በፔይራንም ብርቱ ድጋፍ ነበረው። ዳሩ ግን ዋይሊ ጎረቤቶቹን ቀርቦ ሲመለከታቸው ንብረቱን አጥብቆ የሚወድና በራሱ ጕዳይ ማንም እንዲገባበት የማይሻ ገበሬ እንጂ አብዮት የሚመኝ ሰው ብዙ አላገኘም። ከዚህ ተነሥቶ ድምፁ ከእምነት ይልቅ የተቃውሞ ድምፅ ነው ወደሚል አሳብ ደረሰ። የመንደሩ ሰዎች ግብር የሚጥልባቸውን፣ ለጦርነት የሚጠራቸውን፣ በሩቅ ሆኖ የሚያዝዛቸውን ኃይል ሁሉ በአንድ ቃል «እነሱ» ይሉታል። ድምፃቸውም «እነሱን» መቅጫ ሆነ ማለት ነው።

ይህ ትርጓሜ ትልቅ ጥቅም አለው። ቍጥርን ብቻ የሚያይ ሰው ፔይራንን የኮሙኒስቶች መንደር ብሎ ባለፋት ነበር። በጊዜው የነበረውም ሁኔታ ዋይሊን ይደግፈዋል። ከ1946 እስከ 1958 በቆየው በአራተኛው ሪፑብሊክ ከ20 በላይ ካቢኔዎች ተፈራርቀዋል። የ1951 የምርጫ ሕግም ተባብረው የቀረቡ ፓርቲዎች በአንድ የምርጫ ክልል በድምሩ ከግማሽ በላይ ካገኙ መቀመጫውን ሁሉ እንዲካፈሉት ይፈቅድ ነበር፤ ይህም የታሰበው የኮሙኒስቶችንና የዠኔራል ደ ጎልን ወገን መቀመጫ ለመቀነስ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ገበሬው «እነሱን» ቢጠረጥር አያስደንቅም። ነገ ጦርነት ይመጣል በሚል ሥጋት ፍሬው ከዓመታት በኋላ የሚለቀም ዛፍ ለመትከል እንኳ ያመነታ ነበር።

ይሁን እንጂ ሦስት ነገሮች ይቀሩናል።

አንደኛ፣ ቍጣ ብቻውን መንገድ አይመርጥም። የደ ጎል ወገንም በ1951 መንግሥቱን አጥብቆ ይቃወም ነበር። ፍላጎታቸው «እነሱን» መቅጣት ብቻ ከሆነ፣ ብዙዎቹ ወደ ቀኝ ሳይሆን ወደ ግራ የዞሩት ስለ ምን ነው? «ተቃውሞ» የሚለው ቃል ሰውየው መቈጣቱን ይነግረናል፤ ወዴት እንደሚሄድ ግን አይነግረንም።

ሁለተኛ፣ መልሱን ከታሪክ መፈለግ ይገባል። የፕሮቫንስ ገበሬዎች በዲሴምበር 1851 ሉዊ ናፖሌዎን ሥልጣኑን በኃይል ሲጠቀልል ለሪፑብሊኩ መሣሪያ አንሥተው ነበር። ዋይሊ ራሱ ከሃርቫርድ ተማሪዎች ጋር ሆኖ በ1966 ባወጣው ሁለተኛ ጥናት የመረመራት የምዕራቧ መንደር ሻንዞ ደግሞ በ1793 ለቤተ ክርስቲያንና ለንጉሥ ከተነሣው ከቫንዴ ወገን ነበረች፤ እርሷም ወግ አጥባቂ ሆና ቆየች። የሁለቱም መንደር ሰው ገበሬ ነው፤ ሁለቱም ለፓሪስ ግብር ይከፍላል፤ ድምፁ ግን ተለያየ። ዋይሊ ከአሥር ዓመት ያህል በኋላ ወደ ፔይራን ሲመለስ ገበሬዎቹ ገንዘብ ተበድረው ዛፍ ሲተክሉ አገኛቸው። እንግዲህ ስሜት በአሥር ዓመት ይለወጣል፤ ከአያት የወረደ የወገን ትዝታ ግን መቶ ዓመት ይቆያል። በመጀመሪያው መጽሐፍ ለዚህ ትዝታ የተሰጠው ስፍራ ጠባብ ነው።

ሦስተኛው ስለ ማስረጃው ነው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ በካፌ የሚሰማ ጨዋታም ብዙ ያስተምራል። ነገር ግን ካፌው ይልቁንም የወንዶች ስፍራ ነበር፤ የፈረንሳይ ሴቶች ደግሞ ከ1945 ጀምሮ ድምፅ ይሰጡ ነበር። ከዚህም በላይ፣ ሰው ለእንግዳ «ድምፄን የሰጠሁት በንዴት ነው» ቢል፣ ምክንያቱን ሁሉ ተናገረ ማለት አይደለም።

ይህ ክርክር የሩቅ አገር ጕዳይ ብቻ አይደለም። በአገራችን ከ1957 እስከ 1973 ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት አምስት ጊዜ የተደረገው ምርጫ ፓርቲ አልነበረበትም። ያንን ዘመን የሚያጠና ተማሪ ከፓርቲ ስም ሊነሣ ስለማይችል፣ ዝምድናን፣ ርስትንና ዝናን መመርመር ግድ ይሆንበታል። የፔይራን ጥናት የሚያስተምረን፣ የፓርቲ ስም ባለበትም አገር ሥራው ከዚያ እንደማይቀልል ነው። እንግዲህ ወደ ገጠር ከተማ የምንወርድ ሁሉ «ለማን መረጥህ?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥለን «አባትህስ ከማን ጋር ቆሞ ነበር?» ብለን እንጠይቅ። ይህን ሳንጠይቅ የገበሬውን ድምፅ «ቍጣ ነው» ብለን ብናልፈው፣ አሳብ ያለው በከተማ ብቻ ነው ብለን እንደ ፈረድን ይቈጠራል።