ወለሉን የሚያውቁ እጆች

ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና በሚወስደው መንገድ ዳር የቆሙ ብዙ ፎቆች ውስጣቸው ይመሳሰላል። ምድሩን ባንክ ይይዘዋል፤ ከሱ በላይ ካፌ፣ ቀጥሎ ክሊኒክ፣ አናቱ ላይ ቢሮዎች። በአንድ ጣሪያ ሥር አራት ዓይነት ቆሻሻ አለ ማለት ነው። ክረምት ሲገባ ከውስጥ ለውስጥ መንገዱ በጫማ የሚመጣው ጭቃ ባንኩ በር ላይ ይራገፋል። የካፌው ዘይትና ቡና ነው። የክሊኒኩን ዓይን አያየውም። ላይኛው ፎቅ ከአቧራና ከወረቀት ሌላ ብዙም የለው። ይህን ሁሉ በአንድ ባልዲና በአንድ መወልወያ የሚያዳርስ ሰው የምድሩን ጭቃ አቅጥኖ ፎቅ ለፎቅ ያዞረዋል እንጂ ሕንጻውን አላጸዳም።

አየር ጤና አካባቢ በአንድ የሐምሌ ጠዋት ባንክ በር ላይ ስትሠራ ያየኋት የጽዳት ሠራተኛ ይህን ልዩነት በእጇ ታውቀዋለች። መጀመሪያ ውኃ አላነሣችም። በሩ ላይ የተነጠፈውን ርጥብ ካርቶን በደረቅ ቀየረች፤ ደርቆ የተጣበቀውን ጭቃ ፈቅፍቃ ጠረገች። ያልተጠረገ ወለል ላይ ውኃ ማፍሰስ ጭቃ ማቡካት ነውና። ከዚያ ሁለት ባልዲ አቀረበች፤ አንዱ ሳሙና ያለበት፣ ሌላው መወልወያው የሚታጠብበት። መወልወያውን 8 ቁጥር እያስጻፈች ወደ ኋላ ሄደች። በዚህ አካሄድ የመወልወያው አንድ ጠርዝ ሁልጊዜ ቀድሞ ስለሚሄድ የሰበሰበውን መልሶ አይበትንም። የወለወለችውንም ራሷ አልረገጠችውም። አንድ አዛውንት ወደ ርጥቡ ሊገቡ ሲሉ «አባባ፣ በዚህ በኩል ይለፉ፤ ያዳልጥዎታል» አለቻቸው። ግማሹን ወለል ሳትነካ የተወችው ለካ ለመተላለፊያ ኖሯል።

የእጅ ጨርቋን አያያዝም አልረሳሁትም። ሁለት ጊዜ አጠፈችው፤ እንዲህ ሲታጠፍ 8 ንጹሕ ገጽ ይወጣዋል። የበሩን እጀታ በአንዱ፣ ደንበኛ የሚደገፍበትን ባንኮኒ በሌላው፣ የኤቲኤሙን ቁልፎች በሦስተኛው ጠረገች። የሰው እጅ የሚበዛበትን ለይታ ብዙ ጊዜ ሰጠችው፤ ማንም የማይደርስበትን የግድግዳ ጥግ በአንድ እጅ አለፈችው። ለእኔ የሙያው ልክ እዚህ ላይ ነው፤ የት መበርታት እንዳለበት ማወቅ፣ የት ማቆም እንዳለበትም ማወቅ።

ካፌው ሌላ እጅ ይፈልጋል። ጀበና ቡና ባለበት ቤት ወለሉ ላይ የተጎዘጎዘው ቄጠማ ያምራል፤ ተረግጦ ሲጨማለቅ ግን ያንሸራትታል፣ ያደረ እንደሆነም የሴራሚኩ መጋጠሚያ ውስጥ ይቀራል። የወደቀ ፍም ቶሎ ካልተነሣ ምልክቱ አይለቅም። ዘይት ደግሞ ከሞቀ ውኃና ከላርጎ ውጭ አይለቅም፤ በረኪና ብቻውን ሽታውን ይሸፍነዋል እንጂ ዘይቱን አያነሣውም።

ክሊኒኩ ውስጥ መለኪያ ያስፈልጋል። የተለመደው 5 በመቶ በረኪና 1 እጁ ከ9 እጅ ውኃ ጋር ሲደባለቅ 0.5 በመቶ ይሆናል። ደም የነካው ቦታ መጀመሪያ ይጠረጋል፣ በሳሙና ይታጠባል፤ ቆሻሻ የክሎሪኑን ኃይል ይበላዋልና። ከዚያ የሚቀባው በረኪና 10 ደቂቃ ርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። ቀብቶ ወዲያው የሚያደርቅ ሰው ሽታውን ብቻ ትቶ ይሄዳል። ጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2014 ካሽ በሚል ምሕጻር የሚታወቀውን የጤና ተቋማት ንጽሕና ንቅናቄ ሲጀምር የጽዳት ሥራን ከሕክምናው ጋር አንድ ላይ ማየቱ ተገቢ ነበር።

እነዚህ ፎቆች የቆሙበት ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ስለ ፍርሃትና ስለ ንጽሕና የሚናገር ታሪክም አለው። ዘነበወርቅ የሚገኘው አለርት እ.ኤ.አ. በ1934 በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተከፈተው ሆስፒታል ነው፤ በ1965 የመላው አፍሪካ ማሠልጠኛ ሆነ። ሰዎች ሕሙማኑ የነኩትን ሁሉ ይሸሹ ነበር። በሽታው ግን የሚተላለፈው ሕክምና ካላገኘ ሰው ጋር ረጅም ጊዜ ተቀራርቦ በመኖር፣ በአብዛኛው በትንፋሽ ጠብታ ነው። የጽዳትን መጠን ፍርሃት ሲወስነው በረኪናው ይበዛል፣ ጥንቃቄው ግን ያለ ቦታው ይውላል።

መብዛቱ ደግሞ ያጠፋል። ቴራዞ በሲሚንቶ የተያዘ የእምነ በረድ ፍንጣሪ ነው፤ ሽንት ቤት የሚፈተግበት አሲድ ቢፈናጠቅበት ይበላዋል፣ ነጭ የደበዘዘ ነጥብ ይተክልበታል። ያ አሲድ ከበረኪና ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣል። ፓርኬ በየቀኑ ውኃ ከጠጣ ያብጣል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ በየቀኑ ቢጠረግ በሳምንት አንዴ ቢወለወል ለሚበቃው የላይኛው ፎቅ ቢሮ ከሮቶው ባልዲ ሙሉ ማፍሰስ የክሊኒኩን ድርሻ መውሰድ ነው።

የሕንጻ ባለቤት የጽዳት ውል ሲዋዋል ስንት ሰው ይመደባል ብሎ ይጠይቃል። እኔ ግን ውሉ በየክፍሉ እንዲጻፍ እፈልጋለሁ። አፓ የተባለው በአሜሪካ የትምህርት ተቋማትን ሕንጻ የሚያስተዳድሩ ባለሙያዎች ማኅበር ንጽሕናን ከ1 እስከ 5 ያወጣለታል፤ 1 እንከን የለሹ፣ 5 የተተወው ነው። በዚህ ሚዛን ለክሊኒኩ መርፌ ክፍል 1፣ ለባንኩ አዳራሽ 2፣ ለላይኛው ቢሮ 3 ብሎ መዋዋል ይቻላል፤ ዋጋውም የሠራተኛዋም ድካም በዚያው ልክ ይሰላል።

ከውሉም በፊት ሕንጻው ገና ሲጨረስ እሷን መጠየቅ ይገባ ነበር። እንዲያምር ተብሎ ከደጅ ደረጃ ላይ የሚለጠፈው የሚያንጸባርቅ ሴራሚክ በመጀመሪያው የሰኔ ዝናብ ሰው ይጥላል፤ ሸካራውን ምረጡ፣ በሩ ሥር ውኃው የሚወርድበት ቦይና ሰው ጥቂት ርምጃ የሚራመድበት የጫማ ምንጣፍ ተዉልኝ ትላቸው ነበር።