ኔቨርላንድ ሩቅ ነው፤ ጃሪ ግን ቅርብ ነው

አንድ ስመ ጥር ሰው ከብዙ ዓመታት በፊት በልጅ ላይ ነውር ፈጽሟል የሚል ክስ በተሰማ ቁጥር ሰሚው ሁሉ ዳኛ ይሆናል። ዳኝነቱም አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጥያቄ ተጀምሮ በዚያው ይዘጋል። «እስከዛሬ የት ነበረ?» ይባላል፤ የሚጠየቀውም ተከሳሹ ሳይሆን ከሳሹ ነው። ሃያ ዓመት ዝም ብሎ የኖረ ሰው ዛሬ አፉን የከፈተው ወይ ገንዘብ ሽቶ፣ ወይ ስም ፈልጎ፣ ወይም ምቀኛ ገዝቶት ነው ተብሎ ይደመደማል። ከዚያ ወዲያ ቃልን ከቃል ማመሳከር፣ ማስረጃ ማገላበጥ የለም። ተከሳሹ የምንወደው ሰው ከሆነ ነገሩ አለቀ፤ ደቀቀ።

እንዲያው ለነገሩ ይኸው ክስ በአንድ የቀን ሠራተኛ ወይም በአንድ ዘበኛ ላይ ቢቀርብ እንዲህ አንጠነቀቅም። «ሸዋ ሮቢት ወርዶ ይበስብስ!» ብለን ከዳኛው ቀድመን እንፈርዳለን። የሸዋ ሮቢት ማረሚያ ቤት በሕዝቡ አፍ የፍርድ ማሳረጊያ ሆኖ ከኖረ ብዙ ዘመኑ ነው። ስም የሌለውን ሰው ያለ ምርመራ ወደዚያ የሚሰድ አንደበት፣ ስም ያለውን ሰው ደግሞ ያለ ምርመራ ነፃ ይለቃል። ለመሆኑ ይህ ሚዛን ከየት መጣ?

እኛ ኢትዮጵያውያን በዚህ ነገር የምንፈተንበት የራሳችን ምክንያት አለን። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ማይክል በርክና የካሜራው ባለሙያ መሐመድ አሚን የኮረምን ረሃብተኞች ለዓለም ካሳዩ በኋላ፣ ጥር 20 ቀን 1977 ዓ.ም. ማታ ከ40 የሚበልጡ የአሜሪካ ድምፃውያን ሆሊውድ ውስጥ በአንድ ስቱዲዮ ተሰብስበው «ዊ አር ዘ ዎርልድ»ን ቀረጹ። ዘፈኑን የደረሱት ማይክል ጃክሰንና ላዮኔል ሪቺ ነበሩ። የተሰበሰበው ገንዘብ ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆኖ ለእርዳታ ዋለ።

ረሃቡ የወሎና የትግራይ ብቻ አልነበረም። የያኔው የይፋትና ጥሙጋ አውራጃም ተመትቶ ነበር። በአንጾኪያ ሸለቆ ወርልድ ቪዥን የመመገቢያ ጣቢያ ከፍቶ ብዙ ሺህ ሰው ተጠልሎበታል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ጣርማ በርን አልፎ፣ ከደብረ ሲና ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢትን፣ አጣዬንና ካራቆሬን ያቋርጣልና፣ በዚያ መንገድ ዳር ላደገ ሰው የእርዳታ እህል ነገር ተረት አይደለም። ስለዚህም የማይክል ጃክሰን ስም በዚህ አገር ሲነሣ ዘፋኝነቱ ብቻ አይታሰብም። ባለውለታነቱም አብሮ ይነሣል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ ደሴ ስጓዝ አውቶቡሳችን እንደ ልማዱ ሸዋ ሮቢት ላይ ለምሳ ቆመ። የቆላውን ሙቀት ሸሽተን በገባንበት ጁስ ቤት ቴሌቪዥኑ የማይክልን ዘፈን ያሳይ ነበር። አንድ ወጣት ተሳፋሪ፣ «ይኸን ሰውዬ እኮ ሞቶም አልተዉትም። ያኔ ያልተናገሩትን ካሳ ሲያምራቸው ይናገራሉ» አለ። አጠገቡ የተቀመጡ ጠና ያሉ ሰው ተቀበሉና፣ «እኛን ያበላ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አያደርግም!» ብለው ቆረጡት። ማንጎ የምትልጠው ሴት ቀና ሳትል፣ «ጋሼ፣ ያኔ ልጅ ሆነው ቢናገሩስ ማን ይሰማቸው ነበር?» አለች። መልስ የሰጣት አልነበረም። ሹፌሩ ጡሩንባውን ሲነፋ ሁላችንም ወጣን።

የሦስቱም ነገር በየተራው ይመዘን።

የወጣቱ ጥርጣሬ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። በ1993 እ.ኤ.አ. የአንድ ልጅ ቤተሰብ ማይክልን ከሶ፣ ጉዳዩ በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ከፍርድ ቤት ውጭ በገንዘብ ተቋጨ። ሌላ ክስ ቀርቦበት ደግሞ በሰኔ 2005 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ጁሪው በሁሉም ክሶች ነፃ አውጥቶታል። ሰውየው በ2009 እ.ኤ.አ. ሞተ። ከአሥር ዓመት በኋላ በመጋቢት 2019 እ.ኤ.አ. ዳን ሪድ ያዘጋጀው «ሊቪንግ ኔቨርላንድ» የተሰኘ አራት ሰዓት የሚፈጅ ዘጋቢ ፊልም በኤችቢኦ ቴሌቪዥን ታየ። በፊልሙ ውስጥ ዌድ ሮብሰንና ጄምስ ሴፍቸክ የተባሉ ሁለት ጎልማሶች በልጅነታቸው ማይክል ለዓመታት ያባልጋቸው እንደነበር ይናገራሉ። የሟቹ ንብረት አስተዳዳሪዎች ይህን አጥብቀው ይክዳሉ። ሮብሰን ራሱ በ2005ቱ ችሎት ለማይክል መከላከያ ምስክር ቆሞ፣ ምንም አላደረገኝም ሲል ምሎ ነበር። ሁለቱም ካሳ ጠይቀው ከሰዋል፤ ክሳቸው ጊዜው አልፎበታል ተብሎ ተዘግቶ፣ ሕጉ ሲሻሻል በ2023 እ.ኤ.አ. እንደገና እንዲታይ ተፈቅዷል።

በፊልምነቱ ሲታይ ሥራው ጉድለት አለበት። የተከሳሹ ወገን ድምፅ እምብዛም አይሰማበትም። ፍርድ ፈልጎ የሚቀመጥ ተመልካች ሙሉ ፍርድ ይዞ አይነሣም። ጥንካሬው ሌላ ቦታ ነው። የልጆቹ እናቶች ራሳቸው ካሜራ ፊት ተቀምጠው ልጃቸውን እንዴት በገዛ እጃቸው አሳልፈው እንደሰጡ ይናገራሉ። ጅሎች አልነበሩም፤ ዓለም ያመነውን ሰው አመኑ እንጂ። ጎልማሶቹም ማይክልን ይወዱት እንደነበር አይሸሽጉም። በዚህ ዓይነት ልጅ የተደረገበትን ነገር ስም አያውቅለትም፤ ያደረገበትን ሰው ይወዳል፤ የቤተሰቡ ዕድልም በዚያ ሰው እጅ ነው። ታዲያ ይህ ልጅ ለማን ይናገር? ፊልሙ ማይክልን ወንጀለኛ ብሎ ማረጋገጡ ያከራክራል። የዝምታን አሠራር ግን ከብዙ መጻሕፍት በተሻለ ያሳያል።

ተመልካቹ ሕዝብ ምን አደረገ? በለንደን አውቶቡሶች ላይ ደጋፊዎቹ ንጹሕ ነው የሚል ማስታወቂያ ለጠፉ። በካናዳና በኒውዚላንድ ደግሞ አንዳንድ ሬዲዮ ጣቢያዎች ዘፈኖቹን ማሰማት አቆሙ። ሁለቱ ወገኖች ተቃራኒ ይምሰሉ እንጂ በአንድ ነገር ተስማምተዋል፤ ከነገሩ ቶሎ መገላገል ፈልገዋል። አንደኛው ጆሮውን ዘጋ፤ ሌላኛው ሬዲዮኑን ዘጋ። ሁለት ጎልማሶች አራት ሰዓት ሙሉ የተናገሩትን ተቀምጦ መመርመር ለሁለቱም ከበዳቸው።

አሁን ወደ ጠና ያሉት ሰው እንምጣ። «እኛን ያበላ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አያደርግም» የሚለው ክርክር ከእንግሊዝ በተሻለ የተፈተነበት ቦታ የለም። ጂሚ ሳቪል የቢቢሲ ታዋቂ አቅራቢ ነበር። ለሆስፒታሎች በሚሊዮን የሚቆጠር ፓውንድ አሰባስቦ የንግሥቲቱን ማዕረግ ተቀበለ፤ በኅዳር 2011 እ.ኤ.አ. በክብር ተቀበረ። ዓመት ሳይሞላው በቴሌቪዥን ስለ እርሱ የተባለው ነገር በሩን ከፈተና፣ ፖሊስና አንድ የሕፃናት መብት ድርጅት በጥር 2013 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሪፖርት 450 ሰዎች ቃላቸውን እንደሰጡና 214 ወንጀሎች እንደተመዘገቡ ተገለጸ። የመቃብሩን ድንጋይ ቤተሰቡ ራሱ አስነሣው። እዚያም ሰዎች «እስከዛሬ የት ነበሩ?» ብለው ነበር። ሲጣራ አንዳንዶቹ ያኔውኑ ተናግረው ኖሯል፤ የሰማቸው አልተገኘም እንጂ። ፖሊስ እንኳ በ2009 እ.ኤ.አ. ሰውየውን በሕይወት ሳለ ጠይቆት ክስ ሳይመሠረት ቀርቷል። ለሆስፒታል የሰጠው ገንዘብ እውነተኛ ገንዘብ ነበር፤ ደግነቱም ሰዎችን ጠቅሟል። ይህ ግን ያባለጋቸውን ልጆች አላዳናቸውም። እንዲያውም ሆስፒታል ያስገባው ያው ደግነቱ ነበር።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ሩቅ ሰዎች ነው። ያ አውቶቡስ የሚሄድበትን መንገድ ይዘን ከሸዋ ሮቢት ተነሥተን ደሴን አልፈን በሐይቅ በኩል ብንወጣ ግን ጃሪን እናገኛለን። በረሃቡ ወላጆቻቸውን ላጡ ልጆች የስዊዘርላንዱ ቴር ዴ ዞም ሎዛን የተባለ ድርጅት የሕፃናት መንደር ያቆመበት ቦታ ነው። የመንደሩ ኃላፊ የነበረው ዴቪድ ክሪስቲ የተባለ እንግሊዛዊ፣ በአሳዳጊነት የተረከባቸውን ወንዶች ልጆች አባልጓል ተብሎ ተከሶ በ2003 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት የ9 ዓመት ፅኑ እስራት ፈረደበት። እዚህ ላይ «ይባላል» የለም፤ የፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. ደግሞ ነገሩን አደባባይ ካወጡት ሰዎች አንዷ የሆነች እንግሊዛዊት በስም ማጥፋት ተከሳ፣ ይቅርታ አልጠይቅም በማለቷ እዚሁ አገራችን ውስጥ ታሰረች።

ክሪስቲ ዘፋኝ አልነበረም። በእኛ አገር ግን ዝና በዘፈን ብቻ አይገኝም፤ በስንዴም ይገኛል። ለወላጅ አልባ ልጅ ዳቦ፣ ልብስና ደብተር የሚሰጥ ፈረንጅ በገጠር ከተማ ከየትኛውም ድምፃዊ በላይ የተከበረ ነው። ለጃሪ ልጆች ኃላፊውን መክሰስ ማለት ከእንጀራቸው ጋር መጣላት ማለት ነበር። ስለ ኔቨርላንድ በየጁስ ቤቱና በየሻይ ቤቱ ከተከራከርነው ሰዎች መካከል ጃሪን ሰምቶ የሚያውቀው ስንቱ ነው? የኔቨርላንድ ልጆች ሐሰተኞች ናቸው ብለን ደረታችንን ነፍተን የምንከራከር ሰዎች፣ ፍርድ ያረጋገጠላቸውን የገዛ ልጆቻችንን ግን ረስተናቸዋል።

ከምክንያቶቹ አንዱ በቋንቋችን ውስጥ ያለ ይመስለኛል። «ተደፈረች» ስንል ሁሉም ይገባዋል። «ተደፈረ» ስንል ግን ተሰደበ፣ ተናቀ፣ ድንበሩ ተገፋ ማለት ይሆናል። የጃሪ ልጆች ወንዶች ነበሩ። የደረሰበትን የሚጠራበት ቃል ያላገኘ ልጅ በምን አንደበት ይክሰስ? ሌላው «ገመና» የሚሉት ነገር ነው። ገመና መሸፈን በባህላችን ትልቅ ሰውነት ነው፤ ደካማውን ከመዘባበቻነት ያድናል። ችግሩ ስንሸፍን የማንን ገመና እየሸፈንን እንደሆነ አለመጠየቃችን ነው። ለሴቶቹም ቢሆን ቃሉ ይኑር እንጂ ዳኝነቱ ከዚህ ብዙ የተሻለ አልነበረም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ ካገባት ክሱን ይተውለት ነበር። ጋብቻው ከተጠያቂነት እንደማያድን የደነገገው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው። እስከዚያ ድረስ የጠለፋን ነገር በሽምግልና ሸፍኖ ድል ያለ ሠርግ ማድረግ እንደ ዕርቅ ይቆጠር ነበር።

ባህላችን ለዚህ ነገር ብልሃት አጥቶ ግን አይደለም። በድሮው ዘመን ከብት ሲሰረቅ፣ ቤት ሲቃጠል፣ ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሲጠፋ የአገሩ ሰው አውጫጭኝ ይቀመጥ ነበር። ፊት ለፊት መመስከር የፈራ ሰው «ወፍ ነገረችኝ» እያለ የሚያውቀውን ያወጣል። አባቶች ምስክር እንደሚፈራ፣ ጉልበተኛን የሚከስ ሰው ነገ መንገድ ላይ እንደሚጠበቅ ያውቁ ስለነበር የወፍ አፍ ሰጡት። አውጫጭኝ በንጹሕ ሰው ላይም ይወድቅ ነበርና ይመለስ አልልም። ለጠፋ በሬ ይህን ያህል የተጨነቀ ብልሃት ለልጅም ቢታሰብ ምን ነበረበት? ነው የምለው።

እንግዲህ የከሰሰ ሁሉ ይታመን የሚል ሰው ቢኖር እኔ ከእርሱ ጋር አይደለሁም። በሐሰት የሚከስም አለ። እዚህ ካነሣናቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ተፈርዶበታል፤ አንዱ በፍርድ ቤት ነፃ ወጥቶ ሲሞት ከሞተ በኋላ ሌላ ክስ ተነሥቶበታል፤ አንዱ ለፍርድ ሳይቀርብ ሞቷል። ሦስቱን በአንድ ከረጢት መክተት ግፍ ነው። የማይክል ዘፈንም ይሰማ፤ ያ እህል እህል ነበር፤ የበላነውን አልበላንም አንልም። ነገር ግን ውለታ ምስክር ሆኖ አይቆጠርም። የከሳሹ ዝምታም ለሐሰተኛነቱ ማስረጃ አይሆንም። እነዚህን ሁለቱን ከሚዛኑ ላይ ካነሣን በኋላ የቀረውን እንመዝን።

«እስከዛሬ የት ነበረ?» የሚለው ጥያቄም መልስ ይፈልጋል። መልሱ ያለው በአብዛኛው እኛው ዘንድ ነው። እናትየዋ የት ነበረች? መምህሩ፣ የቀበሌው ሹም፣ የድርጅቱ ጸሐፊ፣ ጎረቤቱ የት ነበሩ? ዛሬስ በሸዋ ሮቢት ወይም በአዲስ አበባ አንድ ልጅ ስለ አስተማሪው፣ ስለ ሃይማኖት አባቱ፣ ስለ ረጂው ወይም ግድግዳው ላይ ፎቶግራፉን ስለ ለጠፈለት አርቲስት መናገር ቢፈልግ የትኛውን በር ያንኳኳል? በጃሪ ያደጉት ልጆች ዛሬ አርባ ዓመት የዘለቁ ጎልማሶች ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ ነገ ተነሥቶ ቢናገር የመጀመሪያው ጥያቄያችን ምን ይሆን?