ከኮሌራ ሆስፒታል የወጣ መጽሐፍ፦ ሳሙኤል ስማይልስና የስኬት ጽሑፍ ውልደት

የስኬት መጻሕፍት የሚጽፉና በየአዳራሹ አነቃቂ ንግግር የሚያደርጉ ሰዎች፣ ስሙን ሰሙትም አልሰሙትም፣ የአንድ ስኮትላንዳዊ ሐኪም ወራሾች ናቸው። ሳሙኤል ስማይልስ «ሰልፍ ሄልፕ» (ራስን መርዳት) የተባለውን መጽሐፉን ለንደን ውስጥ በ1859 እ.ኤ.አ. አሳተመ። አሳታሚው ጆን መሪ በዚያው ወር የዳርዊንን የዝርያዎች አመጣጥም ለገበያ አውጥቷል። የስማይልስ ሥራ በመጀመሪያው ዓመት 20,000 ቅጂ ተሸጠለት። ሰውን የሚያቆመውም የሚጥለውም የራሱ ትጋትና ጠባይ ነው ይላል መጽሐፉ። እኔ የምከራከረው ግን፣ ግለሰቡን ለብቻው ያቆመው ይህ መጽሐፍ ራሱ የመረዳዳት ፍሬ መሆኑን ነው፤ የዘርፉ ትልቁ ጉድለትም ይህን ምንጩን መርሳቱ ነው።

ስማይልስ በ1812 በሃዲንግተን ተወለደ። በኤድንበርግ ሕክምና ሲማር፣ በ1832፣ አባቱ በኮሌራ ሞቱ። እናቱ ብዙ ልጆች ተሸክመው፣ የቤተሰቡን ሱቅ እያንቀሳቀሱ፣ ልጃቸው ትምህርቱን እንዳያቋርጥ አደረጉ። የዚያች ሱቅ ገቢ ባይኖር ሐኪሙ ስማይልስ ባልኖረ ነበር። በሕክምናው ግን ብዙ አልቆየም። በ1838 ወደ ሊድስ ሄዶ «ሊድስ ታይምስ» የተባለውን ጋዜጣ ማዘጋጀት ያዘ፤ የመምረጥ መብት ለብዙኃኑ እንዲሰፋም ተሟገተ። ከ1845 ጀምሮ ለሁለት ዐሥርት ዓመታት የባቡር ኩባንያዎች ጸሐፊ ሆኖ ሠራ። መጻሕፍቱን የጻፈው ከቢሮ መልስ፣ ማታ ማታ ነው።

«ሰልፍ ሄልፕ» እንዴት እንደተጀመረ ደራሲው በመግቢያው ያወሳል፤ በእኔ ግምት የመጽሐፉ ውድ ገጾች እነዚህ ናቸው። በሊድስ ጥቂት ድኻ ወጣቶች በክረምት ምሽት ተሰብስበው የሚያውቁትን መማማር ይጀምራሉ። አንዱ ያነብባል፣ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ስሌት ያስተምራል። መምህር የላቸውም፤ ደመወዝ የሚከፈለውም የለም። ቁጥራቸው ሲበዛ አንድ ትልቅ ክፍል ይከራያሉ። ክፍሉ ቀድሞ የኮሌራ ሕሙማን ማቆያ ስለነበር ሌላው ሰው ፈርቶ የሸሸው ነበር፤ እነርሱ ግን ደፍረው ገቡበት። መቶ ያህል ሲሆኑ ስማይልስን መጥተህ ንገረን አሉት። በ1845 ያደረገላቸው ንግግር ዓመታት አልፈው መጽሐፍ ሆነ። አባቱን የገደለው በሽታ ሌሎችን ባራቀበት ቤት፣ እርስ በርስ በሚደጋገፉ ሠራተኞች ፊት የተነገረ ቃል ነው። መጽሐፉ ሲሰፋ ግን እነዚያ ወጣቶች መግቢያው ላይ ቀሩ፤ ምዕራፎቹን የያዙት ስመ ጥር ግለሰቦች ናቸው።

የስማይልስ ስልት የሕይወት ታሪክ ነው። የባቡር መሐንዲሱ ጆርጅ ስቲፈንሰን፣ እንግሊዛዊው ሸክላ ሠሪ ጆሳያ ዌጅውድ፣ ፈረንሳዊው ሸክላ ሠሪ በርናር ፓሊሲ በተከታታይ ይቀርባሉ። ፓሊሲ የሸክላ ቅቡን ለማቅለጥ ማገዶ ሲያልቅበት የቤቱን ዕቃ እየሰባበረ ወደ ምድጃው ጨመረ። ሚስቱና ልጆቹ አበደ እያሉ በከተማው ሮጡ። ስማይልስ ይህን በአድናቆት ይተርካል፤ ትረካው ዛሬም አንባቢን ይይዛል። የጽናቱን ዕዳ የተሸከሙት ሚስትና ልጆች ግን ለጀግናው ማድመቂያ ብቻ ሆነው ያልፋሉ። ዕቃቸውን አንድደው ምንም ያላገኙት ደግሞ ታሪክ ስላልተጻፈላቸው በመጽሐፉ ቦታ የላቸውም። ካሸነፉት መካከል ብቻ ምስክር ከተጠራ፣ ጽናት ሁልጊዜ ማሸነፉ አይቀርም። ይህ የማስረጃ ግድፈት ከስማይልስ ወደ ዛሬዎቹ ተናጋሪዎች ሳይታረም ተላልፏል።

ደራሲውን ግን ከወራሾቹ ጋር አንድ ላይ መኮነን አግባብ አይደለም። በ1866 እትም መቅድም ላይ የመጽሐፉ ርእስ ለራስ ወዳድነት ውዳሴ ተደርጎ መወሰዱ እንዳሳዘነው ገልጿል። በ1875 ባሳተመው «ትሪፍት» (ቁጠባ) ውስጥ ከዚህም አልፎ ይሄዳል። ውሃው ሲበከል፣ ምግቡ ሲበረዝ፣ ሰው በመከላከል በሚቻል በሽታ ሲያልቅ ተጠያቂ የማይገኝበትን ሥርዓት አጥብቆ ይወቅሳል፤ መንግሥት እጁን ይሰብስብ የሚለውንም አስተሳሰብ ይነቅፋል። ሐኪምና የኮሌራ ሰለባ ልጅ ስለነበር፣ ቆሻሻ ውሃን በትጋት ብቻ ማሸነፍ እንደማይቻል ያውቃል። እነዚህ ገጾች ከሥራዎቹ ሁሉ ይልቅ የበሰለ ሐሳብ የያዙ ይመስሉኛል፤ በገበያ ያሸነፈው ግን የ1859ኙ መጽሐፍ ነው።

ዝናው ከእንግሊዝ አልፎ ሄደ። ለንደን የተማረው ናካሙራ ማሳናኦ በ1870 እና 1871 ወደ ጃፓንኛ መልሶት በሜይጂ ዘመን እጅግ ከተነበቡት መጻሕፍት አንዱ ሆነ። አንዲት አገር በዘመናዊነት መንገድ ስትነሣ መጽሐፉን መፈለጓ፣ መልእክቱ ባዶ ማባበያ እንዳልነበረ ያሳያል። ለሥራ ክብር በመስጠቱና የእጅ ባለሙያውን ከባለ ማዕረጉ ጎን በማቆሙ የእውነት ባለውለታ ነው።

በአማርኛ የሚወጡ የስኬት መጻሕፍትም ቁም ነገር ያለው ሂስ ይገባቸዋል። ሐያሲው ስለ ቋንቋቸውና ስለ ምክራቸው ብቻ ሳይሆን፣ ባለታሪኩ ሲወድቅ ማን እንዳነሣው፣ የትምህርት ቤት ክፍያውን ማን እንደከፈለለት፣ በዚያው መንገድ ሄደው የቀሩትም እነማን እንደሆኑ ደራሲውን ይጠይቅልን።