«ካስት»፦ ከክንድ የራቀ ግስ

በእንግሊዝኛ መማሪያ መጻሕፍት ጀርባ ከሚታተመው የኢ-መደበኛ ግሶች ሰንጠረዥ ውስጥ ተማሪ የማይፈራው «ካስት»ን ነው። በሦስቱም ዓምድ መልኩ አንድ ነው፤ ካስት፣ ካስት፣ ካስት። መምህሩ «እንደ ካት፣ እንደ ፑት ነው፤ አይለወጥም» ይልና ትርጉሙን «ወረወረ» ብሎ አስጽፎ ወደ ቀጣዩ ያልፋል። ይህን የያዘ ተማሪ «ልጁ ኳሷን ወረወረ» ለማለት በ«ካስት» ቢጠቀም ሰዋስው አላፈረሰም፤ አፉን በእንግሊዝኛ የፈታ ሰው ግን ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ኳስ፣ ቁልፍ፣ ድንጋይ፣ ቅርጫት ውስጥ የሚገባ የቆሸሸ ልብስ፣ ሁሉም የ«ትሮው» ድርሻ ናቸው። ለ«ካስት» የቀሩት መረብ፣ መልሕቅ፣ ዕጣ፣ የምርጫ ድምፅ፣ ጥላ፣ ጥርጣሬ፣ ድግምት፣ ቀልጦ ቅርጽ የሚይዝ ብረት፣ ለተዋናይ የሚታደል ገጸ ባሕርይ ናቸው።

መዛግብተ ቃላት እነዚህን ፍቺዎች ቁጥር እየሰጡ ይደረድሯቸዋል፤ አንባቢውም አንድ ግስ ይህን ሁሉ ዝምድና የሌለው ሥራ እንዴት ተሸከመ ብሎ ይደነቃል። ዝምድናው ግን አለ። መረብ፣ ዕጣ፣ ድምፅ፣ ድግምት፣ ሁሉም ከእጅ ከወጡ በኋላ ነው ሥራቸው የሚጀምረው። ዓሣውን የሚይዘው መረቡ ነው፤ ውጤቱን የሚወስነው ዕጣው ነው፤ ኮሮጆ ውስጥ የገባ ድምፅ በመራጩ ጸጸት አይመለስም። የዛሬው «ካስት» የክንድን ጉልበት ትቶ ይህን የመልቀቅ ቅጽበት ይዟል ባይ ነኝ። እዚህ ያደረሰው የቃሉ የኑሮ ታሪክ ነው።

በጥንቱ እንግሊዝኛ የመወርወር ዋናው ግስ «ዌዎርፓን» ነበር፤ የጀርመንኛው «ቬርፈን» ዘመድ ነው። ከ9ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ አንሥቶ በሰሜንና በምሥራቅ እንግሊዝ የሰፈሩት ስካንዲኔቪያውያን የራሳቸውን «ካስታ» ይዘው መጡ። እነዚህ ሰፋሪዎች ለእንግሊዝኛ ያወረሷቸው ቃላት አብዛኞቹ የጓዳና የደጅ ናቸው፤ እንቁላል፣ ቢላዋ፣ መስኮት፣ ሰማይ፣ መውሰድ፣ ሌላው ቀርቶ «እነሱ» የሚለው ተውላጠ ስም ሳይቀር የእነርሱ ነው። «ካስታ»ም በዚሁ በር ገብቶ በ13ኛው መቶ ዓመት ጽሑፎች ውስጥ ይታያል፤ ቀስ በቀስም ነባሩን ግስ ከሥራው አፈናቀለው። የተፈናቀለው አልሞተም። ዛሬ «ዎርፕ» ይባላል፤ ሳንቃ እርጥበት ነክቶት ሲጣመም የሚነገር ግስ ሆኗል፤ ሸማኔም ድሩን በዚሁ ስም ይጠራዋል።

ከዚያ ደግሞ ተራው የ«ካስት» ሆነ። በእግሩ የተተካው «ትሮው» ከጥንቱ «ትራዋን» የመጣ ነው፤ የዚያ ትርጉሙ መጠምዘዝ፣ ማሾር ነበር። እንግዲህ ይወረውር የነበረው ግስ ወደ መጣመም፣ ይጠመዝዝ የነበረው ግስ ወደ መወርወር ሲሄዱ መንገድ ላይ ተላለፉ ማለት ነው። የ«ትሮው» የቀድሞ ፍቺ ግን በአንድ ሙያ ውስጥ ተደብቆ ቀርቷል። እንግሊዛዊ ሸክላ ሠሪ ጭቃውን በሚሽከረከር ጎማ ላይ አድርጎ በእጁ ቅርጽ ሲያወጣለት ሥራው እስከ ዛሬ «ትሮው» ይባላል። ስመ ጥሩው ጆሳያ ዌጅውድ እ.ኤ.አ. በ1744 በበርስለም ከታላቅ ወንድሙ ዘንድ በተለማማጅነት የገባው ለዚህ ሙያ ነበር፤ ፈንጣጣ ጉልበቱን ስለጎዳው ጎማውን በእግሩ እየመታ ማሽከርከር አዳገተው። በስሙ «ወርዋሪ» የሆነው ይህ ልጅ እንግዲህ በሥራው ምንም ነገር አልወረወረም።

ስለ ቅርጹም አንድ ነገር መባል አለበት፤ «ኢ-መደበኛ» የሚለው ስያሜ እዚህ ላይ አሳሳች ነው። ምንጩ የሆነው የኖርስ፣ ማለትም የእነዚያ ስካንዲኔቪያውያን ቋንቋ፣ ግስ ፍጹም ደንበኛ ነበር፤ የዛሬው ስዊድንኛም ያለፈውን ጊዜ በመደበኛው ቅጥያ «ካስታዴ» ይለዋል። ግሱ ከደንቡ የወጣው እንግሊዝ አገር ከገባ በኋላ ነው፤ እዚያም የወጣው በሥርዓት ነው። የእንግሊዝኛ ያለፈ ጊዜ ምልክት የ«ት» ወይም የ«ድ» ድምፅ ነው። ግሱ ራሱ በእነዚህ ድምፆች ሲያልቅ ምልክቱ ከግንዱ ጋር ይዋጣል፤ የመጨረሻው አናባቢ ሲረግፍ ደግሞ የአሁኑና ያለፈው ጊዜ አንድ ሆነው ይቀራሉ። «ሂት»ን፣ «ሸት»ን፣ «ሌት»ን፣ «ስፕሬድ»ን ከጎኑ አሰልፎ የሚያይ ተማሪ ሁሉም በሁለቱ ድምፆች እንደሚያልቁ በራሱ ይደርስበታል። ሰንጠረዡ ይህን አንድ መስመር ቢጨምር ከሽምደዳ ባዳነው ነበር።

«ካስት» ከክንድ መራቁን በግልጽ የሚያሳየው ሁለት የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉሞችን ጎን ለጎን ማንበብ ነው። በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ ትርጉም ዘንድ ሁሉም ነገር «ካስት» ይደረጋል፤ በአመንዝራዋ ሴት ላይ ሊነሣ የነበረው ድንጋይ፣ በእሪያዎች ፊት የሚጣለው ዕንቁ፣ የሚወጡት አጋንንት፣ መረቡ፣ ዕጣው፣ ጭንቀቱ። የ2011ዱ ኒው ኢንተርናሽናል ቨርዥን ይህን ርስት ከፋፍሎታል። ድንጋዩና ዕንቁው ለ«ትሮው» ተሰጥተዋል፤ አጋንንት በሌላ ግስ ይባረራሉ፤ በውኃ ላይ የሚጣለው የመክብብ እንጀራማ በባሕር የሚላክ እህል ሆኗል። በ«ካስት» የቀሩት ዕጣ፣ መረብና ጭንቀት ናቸው።

በተለይ የትንቢተ ዮናስ 1ኛ ምዕራፍ እንደ ቤተ ሙከራ ነው። መርከበኞቹ በመጀመሪያ ጥፋተኛውን ለመለየት ዕጣ ያወጣሉ፤ ጥቂት ቁጥሮች አልፎ ዮናስን አንሥተው ባሕር ውስጥ ይከቱታል። በ1611ዱ ሁለቱም ድርጊት በ«ካስት» ይነገራል። በዘመናዊው ግን ዕጣው «ካስት»፣ ነቢዩ «ትሮው» ነው፤ ሥጋና ክብደት ያለው ሰው በእጅ የሚነሣ ነገር ነውና። የእኛው የ1954 ዓ.ም. ትርጉም በዚህ ከ1611ዱ እንግሊዝኛ ጋር ይስማማል፤ ዕጣውም ዮናስም የሚጣሉ ናቸው። ለሴቲቱ የታሰበውን ድንጋይ ግን «መውገር» ለሚለው ለሌላ ግስ ትቶታል። ለ«ካስት» የሚቀርበው አማርኛ «ጣለ» እንጂ «ወረወረ» እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል። መረብ፣ መልሕቅ፣ ዕጣ፣ ዓይን ሳይቀር ይጣላሉ። ልዩነቱ እኛ ግብርም፣ ቅጣትም፣ መሠረትም፣ ዕቁብም የምንጥል መሆናችን ነው። የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ «ወረወረ»ን ወደ ኋላ ቢያደርገው አይቆጨኝም።

ሐሳቤ የማይገዛው ወገንም አለ። በሼክስፒር ተውኔት በሄንሪ ስድስተኛ ሁለተኛ ክፍል የጃክ ኬድ ዓመፀኞች አንድ የቻተም ጸሐፊ ይዘው ሲያቀርቡ ከክሶቹ አንዱ ሂሳብ ማስላቱ ነው፤ ማስላቱም በ«ካስት» ይነገራል። ሰውየው ብዕሩና የቀለም ቀንዱ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠሉ እንዲሰቀል ይፈረድበታል። በዘመኑ ሂሳብም የኮከብ ቆጠራም በዚሁ ግስ ይሠራ ነበር። ከማስላት ወደ ማቀድ፣ ከማቀድ ወደ መደልደል ያመራው ይህ ቅርንጫፍ ነው በቴአትር ሚና ማደልን የወለደው፤ ፊልም ሠሪዎቻችን «ካስቲንግ» የሚሉትም ከዚሁ ነው። እዚህ ምንም የሚለቀቅ ነገር የለም፤ አዘጋጁ ተዋናዩን እስከ መጨረሻው ቀን ይዞ ይሠራል። በዚህ ላይ ልዩነቱን ለማጥበብ ብጥር ማስመሰል ይሆንብኛል። ቀልጦ የሚፈሰው ብረት በአንጻሩ አያስቸግረኝም፤ ከተፈሰሰ ወዲያ ቅርጹን የሚሰጠው መያዣው ነው። ብዙ እንግሊዛውያን ቄሳር ሩቢኮንን ሲሻገር ተናገረ በሚባለው «ዳዩ ተጣለ» በሚል ቃል ውስጥ ያለውን የዳይ ጠጠር የብረት ቅርጽ ማውጫ አድርገው የሚያስቡት ሁለቱም በዚህ ግስ ስለሚነገሩ፣ ሁለቱም መመለሻ ስለሌላቸው ነው። ስህተቱ ሊገባን የሚችል ስህተት ነው።

ወደ ዘመናችን ስንመጣ ግሱ እንደገና ወደ ማሳ ይወስደናል። «ብሮድካስት» ሬዲዮ ሳይፈጠር በፊት የገበሬ ቃል ነበር፤ ዘርን በእጅ እየዘገኑ በሰፊው መበተን ማለት ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት እንግሊዝ የጄትሮ ተል መዝሪያ መሣሪያ ደጋፊዎች ይከራከሩ የነበረው ከዚህ አዘራር ጋር ነው፤ የእኛ የግብርና ባለሙያዎችም ጤፍ በመስመር ይዘራ ሲሉ የሚሟገቱት ከዚያው ከብተና ጋር ነው። በ1922 ቢቢሲ ሲቋቋም ቃሉ በስሙ ውስጥ ገባ። በ2004 ቤን ሐመርስሊ በጋርዲያን ጋዜጣ ላይ «ፖድካስት» የሚለውን ሲጽፍ ደግሞ ከቃሉ ግማሹ ብቻ ተቆርጦ ተወሰደ።

እዚህ ላይ ሰንጠረዡ ይናጋል። «ብሮድካስት» ያለፈ ጊዜው ያው «ብሮድካስት» ነው ወይስ «ብሮድካስትድ»? መዛግብቱ ሁለቱንም ይቀበላሉ። የቋንቋ ተመራማሪው ስቲቨን ፒንከር በ1999 ባሳተመው «ዎርድስ ኤንድ ሩልስ» ውስጥ ከስም የተወለደ ግስ የአያቱን ኢ-መደበኛነት እንደማይወርስ ያስረዳል፤ ዜና አንባቢው ዘር መበተኑን ከረሳ «ድ» መጨመሩ አያስገርምም። የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊዎችም አንድን ዳታ ከአንድ ዓይነት ወደ ሌላ ሲለውጡ «ካስትድ» ሲሉ ይሰማሉ፤ አርታኢዎች ቀይ ብዕር ያነሡባቸዋል። አርታኢዎቹ ሄንሪ አምስተኛን ቢገልጡ ግን ሼክስፒር እባብ የጣለውን ቆዳ በዚያው በ«ካስትድ» ጠርቶት ያገኙታል።